አደን አዴ፦ በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም ያስረከቡት የሶማሊያ ፕሬዝዳንት

በአፍሪካ ሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዝዳንት ለዳግም ምርጫ ሲቀርብ ውጤቱን አስቀድሞ ለመገመት የሚሻ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለፈውን ታሪክ ይመለከታል። ታሪኩም በአብዛኛው ወንበሩ ላይ ያለው እንደሚያሸንፍ ይነግረዋል፤ የመንግሥት ገንዘብ፣ የጸጥታ ኃይልና መገናኛ ብዙኃን በእጁ ናቸውና። ሶማሊያ ውስጥ ግን ይህ ስሌት ገና ከጅምሩ ፈርሷል። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1967 የአገሪቱ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት አደን አብዱላ ዑስማን በምክር ቤት ድምፅ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን ለተተኪያቸው በሰላም አስረከቡ።

በሕዝብ ዘንድ አደን አዴ በመባል የሚታወቁት እኚህ ሰው በ1908 በሸበሌ ወንዝ ዳር በምትገኘው በለደወይን ተወለዱ። በወጣትነታቸው በጣሊያን ቅኝ አስተዳደር ሥር በዝቅተኛ የሥራ መደብ አገለገሉ። በ1944 ለነጻነት የሚታገለውን የሶማሊ ወጣቶች ሊግ ተቀላቀሉ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም የድርጅቱ ሊቀመንበር ሆኑ። በ1956 የሕግ አውጪው ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ተሰጣቸው። በ1960 በጣሊያንና በብሪታንያ ሥር የነበሩት ሁለቱ ግዛቶች ተዋህደው የሶማሊያ ሪፐብሊክ ሲመሠረት ጊዜያዊ ፕሬዝዳንት ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ምክር ቤቱ በጠባብ የድምፅ ልዩነት ለስድስት ዓመት የሥልጣን ዘመን መረጣቸው።

ዘመናቸው ቀላል አልነበረም። በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት አዲስ አበባ ተገኝተው የሶማሊያን የድንበር ጥያቄ በመሪዎቹ ፊት አነሡ። በተከታዩ ዓመት አገራቸው ከኢትዮጵያ ጋር ለአጭር ጊዜ ተዋጋች፤ ተኩሱም በሱዳን ሸምጋይነት ቆመ።

ለሽንፈታቸው ዋናው ምክንያት ግን ከዚሁ ከ1964 ዓመት የጀመረ ነው። በመጋቢት በተካሄደው ምርጫ ፓርቲያቸው ከ123ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 69ኙን አሸነፈ። ብዙዎች ጠቅላይ ሚኒስትር አብዲረሺድ አሊ ሸርማርኬ በሥልጣናቸው ይቀጥላሉ ብለው ጠብቀው ነበር። ፕሬዝዳንቱ ግን እርሳቸውን አልፈው አብዲሪዛቅ ሐጂ ሁሴንን ሾሙ። ውሳኔው ፓርቲውን ለሁለት ከፈለው። አዲሱ ካቢኔ በመጀመሪያው የመተማመኛ ድምፅ ወደቀ፤ አደን አዴ ግን ያንኑ ሰው ዳግም አቀረቡ፤ በሁለተኛው ሙከራም ጸደቀላቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሙስናንና የአስተዳደር ብልሹነትን ለማጽዳት መነሣታቸው ደግሞ የተቀያሚዎችን ቁጥር አበዛው።

የምርጫው ጊዜ ሲደርስ በፕሬዝዳንቱ ፊት የቆሙት ተፎካካሪ እነዚያው ሸርማርኬ ነበሩ። ፕሬዝዳንቱን የሚመርጡት የምክር ቤት አባላት ነበሩ፤ ድምፃቸውንም የሚሰጡት በምስጢር ነበር። የአብዛኞቹ ድምፅ ወደ ሸርማርኬ አዘነበለ። ሠራዊቱን የሚያዝዙት አደን አዴ ውጤቱን ያለ ክርክር ተቀበሉ፤ ከቤተ መንግሥት ወጥተውም ወደ እርሻቸው ሄዱ። በምርጫ ተሸንፎ ሥልጣኑን በሰላም ያስረከበ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ርእሰ ብሔር ተብለው የሚጠሩትም በዚህ ነው።

ያ ሥርዓት ግን ብዙ አልቆየም። በጥቅምት 1969 ሸርማርኬ በላስ አኖድ በገዛ ጠባቂያቸው ተገደሉ። ከቀናት በኋላ ጄኔራል መሐመድ ዚያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዙ። ምክር ቤቱ ተበተነ፤ አደን አዴም ከሌሎች መሪዎች ጋር ታስረው እስከ 1973 በእስር ቆዩ። በ1986 ባሬ ብቸኛ ተወዳዳሪ ሆነው በቀረቡበት ምርጫ ከ99 በመቶ በላይ ድምፅ አገኘሁ አሉ። ያን ጊዜ ውጤቱን አስቀድሞ ለመተንበይ ጠቢብ መሆን አያስፈልግም ነበር።

በ1990 አገሪቱ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ስታመራ አደን አዴ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ነበር። እንዲያም ሆኖ ዕርቅን በመጠየቅ ለመንግሥት በቀረበው የሞቃዲሾ መግለጫ ላይ ፈረሙ፤ በዚህም ዳግም ታሰሩ። በሰኔ 2007 ናይሮቢ ውስጥ አረፉ። ዛሬ የሞቃዲሾ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል።

ከእርሳቸው ሽንፈት ከብዙ ዘመናት በኋላ በሶማሊያ የታየው የምርጫ ታሪክ ከተለመደው የአህጉሪቱ ግምት ተቃራኒ ሆኗል። በ2012 ሼክ ሸሪፍ አሕመድ፣ በ2017 ሐሰን ሼክ መሐሙድ፣ በ2022 መሐመድ አብዱላሂ ፎርማጆ ሥልጣን ላይ እያሉ በየተራ ተሸንፈዋል። በእርግጥ የ1967ቱ ምክር ቤት በሕዝብ ድምፅ የተመረጠ ሲሆን፣ የኋለኞቹ እንደራሴዎች የተመረጡት በጎሣ ውክልና ነው። ነገር ግን በአራቱም ጊዜያት ፕሬዝዳንቱን የመረጡት ድምፃቸውን በምስጢር የሰጡ እንደራሴዎች ናቸው። ስለዚህ የአንድን መሪ ዳግም መመረጥ ለመገመት ከእርሱ በፊት የነበሩት አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ ብሎ መቁጠር ብቻ አይበቃም። መራጩ ማን ነው? ድምፁ በምስጢር ይሰጣል ወይ? ወንበሩ ላይ ያለውስ ቢሸነፍ ይለቃል? የአደን አዴ ሕይወት የሚያስታውሰው ከሁሉም በላይ የመጨረሻውን ጥያቄ ነው።