ሙሴ ብሌርዮ እና የጎን ነፋስ

የሙሴ ሉዊ ብሌርዮ ስም ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል ያለውን ባሕር በአይሮፕላን መሻገራቸውን ነው። መሻገሩስ ይሁን፤ እንዴት አድርገው እንደ ወረዱ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ብሌርዮ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. በካምብሬ ከተማ ተወለዱ። በፓሪስ የኢንጂነርነት ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ የአውቶሞቢል ፋኖስ እየሠሩ በመሸጥ ሀብት አገኙ፤ ያንኑም ሀብት በአይሮፕላን ሥራ ላይ አፈሰሱት። ከሠሯቸው አይሮፕላኖች ብዙዎቹ ተሰባበሩ፤ እርሳቸው ግን ከስብርባሪው መካከል እየወጡ ሌላ ይሠሩ ነበር።

ስማቸውን ያስጠራው ብሌርዮ 11 የተባለው አይሮፕላን እጅግ ቀላል ነበር። የቀላል አይሮፕላን ጠላት ደግሞ የጎን ነፋስ ነው። ነጂው ነፋሱ እንዳይወስደው አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መልሶ ይመጣል፤ መሬት ሲነካ ታዲያ መንኰራኵሩ ወደ አንድ ወገን ያያል፣ አይሮፕላኑ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። ክብደቱ ከመንኰራኵሮቹ በስተኋላ ስለሆነ ጅራቱ ዞሮ ይቀድማል፤ ክንፉም መሬት ይመታል። የዛሬ ነጂ ይህን ለማምለጥ መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫውን በጅራት መሪው ያቀናል። ብሌርዮ ግን መፍትሔውን በመንኰራኵሮቹ ፈለጉት፤ መሬት ሲነኩ አይሮፕላኑ ወደሚሄድበት በኩል ራሳቸው እንዲዞሩ አድርገው ሠሯቸው። ለእኔ ይህ ትንሽ ብልሃት ከሽልማቱ ይልቅ ሰውዬውን ያሳየኛል።

ጁላይ 25 ቀን 1909 ዓ.ም. ማለዳ እግራቸው በእሳት ተቃጥሎ በምርኩዝ ይሄዱ የነበሩት ብሌርዮ፣ በ25 ፈረስ ጉልበት ሞተር፣ ያለ ኮምፓስ ከካሌ አጠገብ ተነሡ። ከ36 ደቂቃ በኋላ በዶቨር ግንብ አጠገብ ሲደርሱ ነፋሱ ያንገላታቸው ጀመር። ከመሬት 20 ሜትር ያህል ሲቀራቸው ሞተሩን አጠፉ፤ አይሮፕላኑም በኃይል ወርዶ እግሩና ፕሮፔለሩ ተሰበረ። ነጂው ዳኑ፤ የዴሊ ሜይል ጋዜጣንም አንድ ሺህ ፓውንድ ተቀበሉ። የሚዞር መንኰራኵር የሚጠቅመው መሬት ለነካ ሰው ነው፤ ገና በአየር ላይ ሳለ ለሚይዘው ነፋስ ምን ያደርጋል?

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር በኢስታንቡል ነፋሱ ሲበረታ፣ መጠበቅ የሰለቸውን ተመልካች ለማስደሰት ሲሉ ተነሡ። ከቤት ጣሪያ ላይ ወድቀው የጎድን አጥንታቸው ተሰበረ፤ ሦስት ሳምንትም በሐኪም ቤት ተኙ። ከዚያ በኋላ ለትርኢት መብረርን ተዉ። ፋብሪካቸው ግን ከመቶ በላይ ትእዛዝ ተቀብሎ ስለ ነበር ሥራ አልጠፋም።

ብሌርዮ በ1936 ዓ.ም. በፓሪስ ዐረፉ። ባሕር የተሻገረው አይሮፕላናቸው እዚያው ፓሪስ፣ በአር ዜ ሜትዬ ሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል።