ዐፄ ቴዎድሮስ መጻሕፍት ሰብሳቢው

በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመውን የሴባስቶፖልን ምስል ያየ ሁሉ ዐፄ ቴዎድሮስን የሚያስባቸው በመድፍ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወሳው መጻሕፍታቸውን ነው።

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። የተማሩት በጨንከር ተክለ ሃይማኖት ገዳም ነበር። ገና ልጅ ሳሉ ገዳሙ በጦር ተዘረፈ፤ አብረዋቸው ከሚማሩት ብዙዎቹ ሲገደሉ እርሳቸው አመለጡ። ሽፍትነታቸውንና በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም መንገሣቸውን ሁላችንም ስለምናውቀው አልዘገይበትም።

ከነገሡ በኋላ ሠራዊቱን ለመቀለብ የቤተ ክርስቲያንን መሬት ቢነኩ ካህናቱ ተነሡባቸው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ፤ የአድባራቱም ንዋየ ቅድሳት ከነመጻሕፍቱ ተጋዘ። በመቅደላ መድኃኔ ዓለም የተከማቸው መጽሐፍ አንድ ሺሕ ያህል ደረሰ። ከተዘረፈ ገዳም ያመለጠው ልጅ ይህን አደረገ! ቴዎድሮስን የምንወድ ሁሉ ይህንንም መናገር ይገባናል።

ብራና ደግሞ የጌታውን ስም አይሸሽግም። ያጻፈው ሰው ስሙ በጸሎቱ መካከል ይገባል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ አዲሱ ጌታ የፊተኛውን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል፤ የተፋቀው ቦታ ግን ያስታውቃል። የሰረቀውንም የፋቀውንም የሚያወግዝ ግዝት በመጨረሻው ገጽ ይጻፋል። በኅዳጉ የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ሽያጭ፣ የምስክሮች ስም ሰፍሯል። የጎንደርን ዘመን የመሬት ሥሪት የሚመረምሩ ሊቃውንት ዛሬ የሚያነቡት ይህንኑ ነው። እንግዲህ ካህናቱ ያጡት የጸሎት መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ ለተከራከሯቸው መሬት ማስረጃ የሚሆናቸውም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲሰብሩ ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ። ከብሪቲሽ ሙዚየም ተልኮ አብሮ የዘመተው ሪቻርድ ሆልምስ ዋናው ገዢ ሆነ። 350 ያህል መጻሕፍት ሎንዶን ገቡ፤ 600 ያህሉ በትግራይ ለጨለቆት ቤተ ክርስቲያን ተሰጡ።

የቴዎድሮስ መጻሕፍት ይመለሱ ሲባል እኔም ይመለሱ ባይ ነኝ። ነገር ግን ኅዳጉ የአንድ የጎንደር ደብር ስም የሚጠራ ከሆነ የሚገባው ወደ ማን ደጅ ነው? በየክርክራችን ይህን የሚያነሣ አላየሁም።

አንድ ክብረ ነገሥት ግን ተመልሷል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. ወደ ሎንዶን ጽፈው፣ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረድተው ጠየቁ። ሙዚየሙ ሁለት ነበረውና አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. ለቀቀ። ከመልቀቁ በፊት ግን የመጻሕፍት ቤቱ ሹም በአስተዳዳሪዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ መመለሱን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ቀኑን አኑሮ ፈረመበት። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ፈረንሳዊው ሁግ ለ ሩ መጽሐፉን ቢገልጥ ያንን የእንግሊዝ ጽሑፍ ከግዕዙ ጋር አገኘው።