ካውንት ራምፎርድ፦ እሳትን በሚዛን የለካው ሰው

በጂዛን፣ በሰብያ፣ በአቡ ዓሪሽና በሳምጣ መንዲ በሚያበስሉ ወጥ ቤቶች የማገዶ እንጨት ዛሬም ከአገልግሎት አልወጣም። በሌላ በኩል በሳውዲ ዓረቢያ የአገሪቱን ዛፎች ለማገዶ ቆርጦ መሸጥና ማጓጓዝ በሕግ የተከለከለ ነው። እንጨት እንዲህ ጥበቃ በሚደረግለት ዘመን፣ አንድ ፍልጥ ሲነድ ከሙቀቱ ምን ያህሉ ወደ ድስቱ እንደሚገባና ምን ያህሉ ከጭስ ጋር እንደሚጠፋ ማወቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ በግምት ሳይሆን በሚዛንና በቴርሞሜትር ለመመለስ ከተነሡት ቀደምት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ቤንጃሚን ቶምሰን፣ በማዕረግ ስሙ ካውንት ራምፎርድ ነው።

ቶምሰን እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 1753 በሰሜን አሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዎበርን በተባለ ስፍራ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ማሳቹሴትስ ያን ጊዜ የብሪታንያ ቅኝ ግዛት ነበረች። አባቱ የሞተበት ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሲሆን፣ በ13 ዓመቱ ሳሌም በምትባል የወደብ ከተማ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀጠረ። መደበኛ ትምህርቱ ጥቂት ነበር፤ ሆኖም በሐርቫርድ የሚሰጡ የፊዚክስ ትምህርቶችን ለመስማት ከጓደኛው ጋር በእግሩ ይመላለስ ነበር።

በ1772 መምህር ሆኖ በሄደባት የኒው ሃምፕሸር ከተማ በዕድሜ 14 ዓመት የምትበልጠውን አንዲት ባለጸጋ መበለት አገባ። ከተማዋ ቀድሞ ራምፎርድ ትባል ነበር፤ ኋላ የማዕረግ ስሙን የወሰደው ከእርሷ ነው። የአሜሪካ አብዮት ሲቃረብ ለብሪታንያ ንጉሥ በመወገኑ የከተማው ሰው ጠላው። ሚስቱንና ሕፃን ልጁን ጥሎ ሸሸ፤ ለእንግሊዞችም በስለላ አገለገለ። በ1776 ወደ ለንደን ተሻገረ፤ ከሚስቱም ጋር ዳግም አልተገናኘም። ስለዚህ የራምፎርድ ታሪክ የታላቅ አእምሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ለሙቀት የነበረው ጥንቃቄ ለቅርብ ሰዎቹ ሁልጊዜ አልደረሰም።

በእንግሊዝ የባሩድን ኃይል በመለካት ምርምር አደረገ፤ በ1779 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆነ። በ1784 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ የፈረሰኛነት ማዕረግ ከሰጡት በኋላ ወደ ባቫሪያ ሄዶ የመራጩን መስፍን የካርል ቴዎዶርን አገልግሎት ያዘ።

የሙኒክ ወጥ ቤት

ሙኒክ በዚያን ጊዜ በለማኝ የተሞላች ከተማ ነበረች። ቶምሰን ሠራዊቱን እንዲያሻሽል ኃላፊነት ሲሰጠው የወታደሩን ልብስ የሚያመርት የሥራ ቤት አቋቋመ። ከዚያም ጃኑዋሪ 1 ቀን 1790 በወታደሮችና በከተማው ሹማምንት አማካይነት ለማኞቹ ከየጎዳናው ተሰብስበው እንዲመዘገቡ አደረገ። በሥራ ቤቱ ሞቅ ያለ ክፍል፣ የሚፈተል ሱፍና ትኩስ ምግብ ተዘጋጀላቸው። ድርጊቱ በትእዛዝና በኃይል የተጀመረ ቢሆንም በርሃብ ለሚኖሩት እንጀራ አስገኝቷል።

በዚህ ጊዜ የማገዶ ጉዳይ ፊት ለፊት መጣ። በየቀኑ ከአንድ ሺህ በላይ ሰው መመገብ ነበረበት። ከገብስ፣ ከአተርና ከድንች የሚሠራው ሾርባ ርካሽ ነው፤ ለሰዓታት የሚቀቀልበት እንጨት ግን ርካሽ አልነበረም። ለማገዶ የሚወጣው ገንዘብ ከተቀነሰ በዚያው በጀት ተጨማሪ ሰው መመገብ ይቻላል። ቶምሰን እሳትን እንዲመረምር ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ስሌት ነበር።

በዘመኑ የነበሩትን ክፍት ምድጃዎች ከመረመረ በኋላ ከስምንት እጅ ሙቀት ቢያንስ ሰባቱ እጅ ከጭስ ጋር ወደ ሰማይ እንደሚሄድ ገመተ። መፍትሔውም እሳቱን መዝጋት ሆነ። ለእያንዳንዱ ጋን የራሱን ትንሽ ምድጃ በጡብ ሠራለት። ነበልባሉ በጋኑ ዙሪያ እንዲሄድ የጭሱን መንገድ አጠማዘዘ፤ እንጨቱን በፍርግርግ ላይ አስቀመጠ፤ ነፋሱና ጭሱ የሚገደቡበት መዝጊያም አበጀ። ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳቱን ማጋጋል ምግቡን ፈጥኖ እንደማያበስለው፣ እንጨት ብቻ እንደሚፈጅም አስተማረ። በጣሊያን ቬሮና ለሚገኙ ሆስፒታሎችም በዚሁ መንገድ ወጥ ቤት ሠርቷል።

እንጨቱን መዝኖ፣ ውሃውን መዝኖ

ምድጃ ያሻሻሉ ሰዎች ከእርሱ በፊትም ነበሩ። ራምፎርድን የሚለየው መሻሻሉን በቁጥር ለማሳየት መጣሩ ነው። ሙከራውን ሲያደርግ አስቀድሞ እንጨቱን ይመዝናል፤ ጋኑ ውስጥ የሚገባውንም ውሃ ይመዝናል። የውሃውን መነሻ ሙቀት፣ እሳቱ የተለኮሰበትን ሰዓት፣ ውሃው የፈላበትንና መፍላቱን የቀጠለበትን ጊዜ በሰንጠረዥ ይጽፋል። በመጨረሻም ውጤቱን ሁሉ ወደ አንድ መለኪያ ይመልሰዋል፤ አንድ ፓውንድ እንጨት በበረዶ ነጥብ ላይ ካለ ውሃ ስንት ፓውንድ ያፈላል? በዚህ መንገድ የትንሽ ድስትና የትልቅ የቢራ መጥመቂያ ጋን ውጤት ጎን ለጎን መተያየት ቻለ።

በባሕር ጠረፍ ባለችው ጂዛን ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ወደ ፈይፋ ተራሮች ሲወጣ ይህ ቁጥር ይቀንሳል፤ በአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 92 ዲግሪ ይወርዳል። ሙኒክም ከባሕር ወለል ከፍ ያለች በመሆኗ ራምፎርድ ውሃ በዚያ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ መዝግቧል። ይህ ካልተመዘገበ የሁለት አገር ውጤት ቢነጻጸር አንዱ ያለ አግባብ ይበልጣል።

ዛሬ በታወቀው ስሌት፣ በሚገባ የደረቀ አንድ ኪሎ እንጨት 18 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ሁሉም ሳይባክን ወደ ውሃው ቢገባ በበረዶ ነጥብ ላይ ያለ 40 ሊትር ያህል ውሃ ባፈላ ነበር። ከሙቀቱ ወደ ድስቱ የሚገባው ከመቶ 10 እጅ ብቻ ሲሆን የሚፈላው ውሃ አራት ሊትር ይሆናል። እርጥብ እንጨት ከሆነ ደግሞ የሙቀቱ አንድ ክፍል የራሱን እርጥበት በማትነን ያልቃል። በመሆኑም የእንጨቱ ድርቀት ያልተገለጸበት ሙከራ ሙሉ ሊባል አይችልም።

ከመድፍ እስከ ፓሪስ

በ1790ዎቹ መጀመሪያ የካውንትነት ማዕረግ አገኘ። ከዚያ በኋላ ነበር በሳይንስ ታሪክ ይበልጥ የሚታወቅበትን ሙከራ በሙኒክ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያደረገው። የመድፍ ብረት በሚሰረሰርበት ጊዜ የሚፈጠረውን ሙቀት ለመለካት ብረቱን በውሃ ውስጥ አስገባው፤ ፈረስ መሣሪያውን ሲያዞር ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ውሃው ያለ እሳት ፈላ። በ1798 ባቀረበው ጽሑፍ ሙቀት ከነገሮች ውስጥ የሚፈስ ፈሳሽ ነው የሚለውን የጊዜውን እምነት ተቃውሞ፣ ሙቀት የእንቅስቃሴ ዓይነት ነው ሲል ተከራከረ።

በ1799 በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን እንዲቋቋም ዋና ሚና ተጫወተ፤ ወጣቱ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪም በዚያ ሥራ አገኘ። ኋላ ፓሪስ ገብቶ በ1805 የታላቁን ኬሚስት የላቯዚዬን መበለት አገባ። ትዳሩ በጠብ ተሞልቶ በ1809 በመለያየት ተፈጸመ።

በፓሪስ የሠራው ካሎሪሜትር ግን የሙኒኩን ጥያቄ ይበልጥ አጠራው። በውሃ በተሞላ ሣጥን ውስጥ የተጠማዘዘ ቱቦ ዘረጋ፤ የሚነደው ነገር ጋዝ በቱቦው እያለፈ ሙቀቱን ለውሃው ይለቃል። ውሃው ከክፍሉ አየር የሚወስደውና ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት እንዲጣፋ፣ ሙከራውን ከክፍሉ በጥቂት ዲግሪ ከቀዘቀዘ ውሃ ጀምሮ በዚያው ልክ ከክፍሉ ሲሞቅ ያቆማል። የልዩ ልዩ እንጨቶችንም የሙቀት መጠን በዚህ መሣሪያ ለካ። እንጨቱ ያለው ሙቀት በጠቅላላ ከታወቀ፣ ጋኑ የተቀበለው ከመቶ ስንት እንደሆነ ማስላት ይቻላል።

ራምፎርድ ኦገስት 21 ቀን 1814 በፓሪስ አጠገብ በኦተይ በ61 ዓመቱ ሞተ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ደረጃ

የአንድ ሰው የሙከራ ልማድ የጋራ ደንብ ለመሆን ረጅም ጊዜ ወሰደ። በ1876 በፊላደልፊያ በተደረገው ዓለም አቀፍ ትርዒት የእንፋሎት ቦይለሮች በአንድ ዓይነት ሁኔታ ተፈትነው ተወዳደሩ። በ1880ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የቦይለር መፈተኛ ደንብ አወጣ። ዛሬ በአውሮፓ ኢኤን 303-5 የተባለው ደረጃ እስከ 500 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸውን፣ እንጨትና ሌላ ጠጣር ማገዶ የሚነድባቸውን ማሞቂያ ቦይለሮች ይመለከታል። ከሙቀት አጠቃቀማቸው ጋር የሚለቁት ካርቦን ሞኖክሳይድና ብናኝም ይለካል።

የእነዚህ ደንቦች ፍሬ ነገር ሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ወደ ውሃው የገባውን ሙቀት ለክቶ ከማገዶው ሙቀት ጋር ማካፈል ነው። ሁለተኛው በጭስ፣ በአመድና በቦይለሩ ግድግዳ የጠፋውን ለክቶ ከመቶ መቀነስ ነው። ሁለቱ ውጤቶች በእጅጉ ከተራራቁ ከሙከራው አንድ ስፍራ ስሕተት አለ ማለት ነው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ጥያቄ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተስፋፋው ምርጥ የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን እስከ ግማሽ እንደሚቆጥብ ይነገርለታል። እንጀራ ግን በምጣድ እንጂ በድስት አይበስልም፤ ስለዚህ ውሃ በማፍላት ብቻ የተደረገ ፈተና ስለ ምጣዱ እውነቱን አይናገርም። ባለሙያዎች የተወሰነ ሊጥ ጋግረው የፈጀውን እንጨት የሚመዝኑት በዚህ ምክንያት ነው። ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም በጀርባቸው ተሸክመው ወደ አዲስ አበባ ለሚወርዱ እናቶች በሙከራው የሚገኘው ልዩነት ከወረቀት ላይ ቁጥር ይልቅ የሸክም ጉዳይ ነው።

ራምፎርድ በ1796 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲና ለአሜሪካ የኪነጥበባትና ሳይንስ አካዳሚ የሰጠው ገንዘብ በስሙ የሚጠሩ ሽልማቶችን እስከ ዛሬ አቆይቷል። ለሐርቫርድም በኑዛዜው ሀብት ትቷል። ወጥ ቤቶቹ ግን ጊዜ አልፎባቸዋል፤ ጡቦቻቸውም ፈርሰዋል። አዲስ ምድጃ ወይም ቦይለር ማገዶ ይቆጥባል ተብሎ ለገበያ ሲቀርብ፣ እንጨቱ ተመዝኖ ነበር ወይ፣ ድርቀቱስ ተለክቷል ወይ፣ ውሃውስ ከስንት ዲግሪ ተነሣ ብሎ መጠየቅ ከሙኒክ የመጣ ልማድ ነው።