ሊዮኔል ባሪሞር፤ በወንበር ላይ ሆኖ የሠራው ተዋናይ

የሲኒማን ታሪክ የሚመረምር ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው የመልከ መልካሞቹን ስም ነው። ይሁን እንጂ ፊልም በእነርሱ ብቻ አይቆምም፤ ሽማግሌውን፥ ሐኪሙን፥ ጠበቃውንና ንፉጉን ባለጠጋ ሆኖ የሚጫወትም ያስፈልገዋል። በዚህ ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ከቆዩት አንዱ አሜሪካዊው ሊዮኔል ባሪሞር ነው።

ሊዮኔል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኤፕሪል 28 ቀን 1878 በፊላዴልፊያ ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። አባቱና እናቱ ተዋናዮች ነበሩ። አያቱ ሉዊዛ ድሩም በዚያው ከተማ አንድ ትልቅ ቴአትር ቤት ለብዙ ዓመታት አስተዳድረዋል። ታናናሾቹ ኤተልና ጆንም ኋላ በዚሁ ሙያ ስመ ጥሩ ሆነዋል። እርሱ ግን ልቡ ያዘነበለው ወደ ሥዕል ነበር። ስለዚህ ገና በወጣትነቱ መድረኩን ትቶ ሥዕል ለመማር ወደ ፓሪስ ሄደ። ነገር ግን ሥዕሉ እንጀራ ሊሆነው ስላልቻለ ወደ አገሩ ተመልሶ የቤተሰቡን ሙያ ያዘ።

ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም፤ ብዙ የቴአትር ሰዎችም ይንቁት ነበር። ሊዮኔል ግን ሳይንቅ ግሪፊዝ ከተባለው አዘጋጅ ጋር ይሠራ ጀመር። በ1912 ሜሪ ፒክፎርድ በተጫወተችበት አጭር ፊልም ውስጥ ቄስ ሆኖ ታየ። ፊልም መናገር በጀመረ ጊዜም በመድረክ የሠለጠነው ድምፁ ጠቀመው። በ1931 ሰካራም ጠበቃ ሆኖ በተጫወተበት ፊልም የኦስካር ሽልማት አገኘ። በ1932 ደግሞ ሦስቱ ወንድማማቾችና እኅት ስለ ራስፑቲን በተሠራ ፊልም አብረው ተጫወቱ።

ከዚህ በኋላ ክፉ ቀን መጣበት። የዳሌ አጥንቱ በ1936 ተሰበረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንደገና ተሰበረ። ቁርጥማትም ስለ ጸናበት መራመድ ተሳነው። ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ የተቃረበ ሰው ከዚህ ወዲያ ቤቱ ቢቀመጥ ማንም ባልፈረደበት ነበር። እርሱ ግን በ1938 በምርኩዝ ተደግፎ ደግ አያት ሆኖ ተጫወተ። በዚያው ዓመት የዶክተር ኪልዴር ፊልሞች ሲጀመሩ ቁጡውን አዛውንት ሐኪም ጊሌስፒን በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ ተጫወተ። በ1946 ፍራንክ ካፕራ ባዘጋጀው ፊልምም ጨካኙን ባለገንዘብ ፖተርን ሆኖ በወንበሩ እየተገፋ ቀረበ። ተመልካቹ ወንበሩን የታሪኩ ክፍል አድርጎ ያየው ነበር፤ ሕመሙ ግን የተዋናዩ የራሱ ነበር።

ሥዕሉንም ፈጽሞ አልተወውም፤ በብረት ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ ያትም፥ ሙዚቃም ይደርስ ነበር። እስከ 1953 በፊልም ከሠራ በኋላ በኖቬምበር 15 ቀን 1954 በሰባ ስድስት ዓመቱ ዐረፈ።

ዘንድሮ ትምህርታችንን ከምንፈጽመው መካከል የተመኘውን ሙያ የሚያገኝ ይኖራል፤ የማያገኝም ይኖራል። ሊዮኔል ባሪሞር የተመኘው ሌላ፥ የደረሰው ሌላ ነበር። ሆኖም የደረሰውን ሥራ በሙሉ ልቡ ሠራው፤ እግሩ በከዳውም ጊዜ ሥራውን አልከዳም።