ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴና የጎሬ ከተማ

እኛ የማጂ ተማሪዎች ታሪክ ሁሉ በሩቅ አገርና በትልቅ ከተማ ብቻ የተሠራ ይመስለናል። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ተራራና ደን ከበዋታል፤ በክረምትም ጭጋግ ይሸፍናታል። ነገር ግን እንደ እርስዋ በደን የተከበበች አንዲት ትንሽ ከተማ የኢትዮጵያን መንግሥት ለወራት ተሸክማ ነበር። ይህችውም ከእኛ በስተሰሜን ያለችው ጎሬ ናት። ስለዚህ በዚያ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ የነበሩትን የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ ልጽፍላችሁ አሰብሁ።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ተወለዱ። በራስ መኰንን ቤት ከዘመዳቸው ከተፈሪ መኰንን ጋር እንደ ወንድማማች ሁነው አደጉ። ተፈሪም በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ፤ እምሩም ሐረርንና ወሎን፣ ቀጥሎም ጎጃምን ገዙ። የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ ሠራዊታቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በደምበጉይና ወታደሮቻቸው የጠላትን ታንኮች ከበው ድል አደረጉ። ይሁን እንጂ የአውሮፕላን ቦምብና የመርዝ ጋዝ በረታባቸውና በየካቲት ወር በሽሬ ጦርነት ተሸነፉ።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወጥተው ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ራስ እምሩን እንደራሴ አደረጓቸው። የመንግሥቱም መቀመጫ ጎሬ ሆነች። በዚያም ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ሥራውን ይመሩ ነበር።

ጎሬ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ የራስ ተሰማ ናደው ከተማ ስለ ነበረች ግዛት የለመደች ናት። ቡናዋ በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር፤ ከዚያም ባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር። ስለዚህ በስተምዕራብ ወደ ውጭ የሚወስድ በር ነበራት። ከሁሉም ይልቅ የጠበቃት ዝናቡ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙላት፣ ጫካውም ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የጠላት ጦር ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ሊገፋ አልቻለም።

በዚሁ ጊዜ በሆለታ የጦር ትምህርት ቤትና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። መሪያቸው ዶክተር ዓለምወርቅ በየነ ነበሩ። ገበሬው እንዳይበደልና ምርኮኛ እንዳይጎዳ በደንባቸው ወሰኑ፤ ራስ እምሩንም አለቃቸው አደረጉ።

ሆኖም አንድ ትልቅ ችግር ነበረ። በምዕራቡ አገር ገበሬው ለብዙ ዘመን በገባርነት ተጨቁኖ ስለ ኖረ ለመንግሥቱ የነበረው ፍቅር ቀዝቅዞ ነበር። በወለጋም አንዳንድ መኳንንት የእንግሊዝ መንግሥት በሞግዚትነት እንዲይዛቸው ጠየቁ። እንደኔ አስተያየት፣ ደን ጠላትን ሊያዘገይ ይችላል፤ መንግሥትን የሚያጸናው ግን የሕዝብ ልብ ነው።

ክረምቱ አለፈ፤ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። ራስ እምሩም ከእኛ አገር ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ በሚሻገረው በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ስንቅና ጥይት አልቆ ነበርና ታኅሣሥ 9 ቀን እጃቸውን ሰጡ። ይህን ነውር የሚያደርጉባቸው ሰዎች አሉ። እኔ ግን ለተራቡና ለቆሰሉ ወታደሮች ነፍስ ማሰብ ነውር አይመስለኝም። የሚያሳዝነው፣ ከጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ በየካቲት ወር በአዲስ አበባ በተደረገው ጭፍጨፋ መገደላቸው ነው። እነዚያ ወጣቶች ከትምህርት ቤት ከወጡ ገና ብዙ አልቆዩም ነበር።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣልያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። የሚገርመው ግን በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ራሱ ተይዞ ወደዚያችው ደሴት መወሰዱ ነው። ራስ እምሩ ወደ አገራቸው ተመልሰው በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቪየት ኅብረት አምባሳደር ሆኑ፤ ፊታውራሪ በላይ የተባለ ልብ ወለድም ጻፉ። ከሁሉ የሚበልጠው ሥራቸው ግን መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው ማካፈላቸው ነው። በምዕራብ ያዩት የገባር ኑሮ ወደዚህ ሐሳብ ሳያደርሳቸው አልቀረም እላለሁ። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ዐረፉ።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከተማችን ትንሽ ናትና ምን ይሠራባታል አንበል። ጎሬም ትንሽ ነበረች፤ ዳሩ ግን የአገር አደራ ተሰጣት። እኛም ደናችንን እንጠብቅ፤ ይልቁንም በዙሪያችን ያለውን ገበሬ እናክብር። የተማረ ሰው ለገበሬው ካላሰበ ትምህርቱ ፍሬ የለውም።