ጆን ስኮት ሆልዴን (1860–1936)፦ ለሠራተኛው ሳንባ የቆሙ ሐኪም

በሥራ ቦታ የሚደርስ አደጋ ሁሉ በዓይን የሚታይ አይደለም። ሊናድ የደረሰ አፈር፣ የተሰበረ መሰላል ወይም የተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፤ ቀለምና ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ግን ሳይታወቅ ይገድላል። ዛሬ በማዕድን ማውጫና በጉድጓድ ሥራ ላይ የሚደረጉት ብዙዎቹ ጥንቃቄዎች፣ በሆስፒታልም ሳንባው ለተጎዳ ሕመምተኛ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኦክስጅን፣ ከስኮትላንዳዊው ሐኪምና ተመራማሪ ከጆን ስኮት ሆልዴን ሥራ ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለ ሙያ ደኅንነትና ጤንነት መረጃ ለሚሹ ተገልጋዮቻችን የእኚህን ሰው የሕይወት ታሪክ እንደሚከተለው አቅርበናል። ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደት፣ ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራ

ሆልዴን በ1860 በኤድንብራ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምረው በ1884 ተመረቁ። ብዙም ሳይቆዩ በዳንዲ ከተማ በሚገኘው ኮሌጅ ሥራ ጀመሩ፤ ከባልደረቦቻቸውም ጋር የድሆችን መኖሪያና የትምህርት ቤቶችን አየር መመርመር ያዙ። ሰዎች ተጨናንቀው ወደሚያድሩባቸው ክፍሎች በሌሊት እየገቡ የአየር ናሙና ይወስዱ ነበር። በ1887 ወደ ኦክስፎርድ ተዛወሩ፤ ኑሯቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው ከተማ ሆነ።

ከፍንዳታው የተረፉትን የገደለው ጋዝ

በዚያ ዘመን በብሪታንያ የከሰል ድንጋይ ማውጫዎች ፍንዳታ በደረሰ ቁጥር ብዙ ሠራተኞች ያልቁ ነበር። ሰዎቹን የሚገድላቸው የፍንዳታው ኃይልና እሳቱ እንደሆነም በሰፊው ይታሰብ ነበር። በጥር 1896 በዌልስ ታይለርስታውን በተባለ ስፍራ በደረሰ ፍንዳታ 57 ሠራተኞች ሲሞቱ ሆልዴን ወደ ቦታው ሄደው አስከሬኖቹን መረመሩ። ከሟቾቹ አብዛኞቹ የሞቱት ከፍንዳታው በኋላ በዋሻው ውስጥ በተሰራጨው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። በቆዳቸው ላይ የታየው ደማቅ ሮዝ ቀለም ጋዙ ከደም ጋር መዋሐዱን ያመለክት ነበር።

የዚህ ግኝት ጥቅም የሞትን መንስኤ በትክክል ከመጻፍ ያለፈ ነው። ፍንዳታ በቅጽበት የገደለውን ሰው ማዳን አይቻልም፤ በጋዝ የታፈነ ሰው ግን ቶሎ ከተደረሰለት ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ነፍስ አድን ሠራተኞች የመተንፈሻ መሣሪያ ይዘው መግባት እንዳለባቸውና ለተጎጂው ኦክስጅን ሊሰጠው እንደሚገባ ግልጽ ሆነ።

ሆልዴን የጋዙን ባሕርይ የመረመሩት በቅድሚያ በራሳቸው ላይ ነበር። ካርቦን ሞኖክሳይድን ራሳቸው እየሳቡ፣ ደማቸውን በየጊዜው እያስመረመሩና የሚሰማቸውን እየመዘገቡ፣ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው የደማቸው ሄሞግሎቢን ከግማሽ በላይ የሚሆነው በጋዙ እስኪያዝ ድረስ ሙከራውን ቀጥለዋል። ጋዙ ኦክስጅን ሊይዝበት የሚገባውን ስፍራ ስለሚይዝ ሰው ንጹሕ በሚመስል አየር ውስጥ ሆኖ እንኳ እንደሚታፈን አሳዩ።

ጋዙ ሰውን ሳይጥል የሚያስጠነቅቅ ምልክትም ፈለጉ። ትናንሽ እንስሳት ከክብደታቸው አንጻር ሲታይ ከሰው የበለጠ አየር ስለሚስቡ በጋዙ ቀድመው ይወድቃሉ። በዚህም መሠረት ሠራተኞች አይጥ ወይም ካናሪ የተባለችውን ትንሽ ወፍ ይዘው እንዲገቡ መከሩ። ወፊቱ ከቆመችበት ስትወድቅ ሰዎቹ ለመውጣት ጥቂት ጊዜ ያገኛሉ። በብሪታንያ የማዕድን ማውጫዎች ይህ ልማድ በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ እስኪተካ፣ ማለትም እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቆይቷል።

ልጃቸው ጃክ በኋላ እንደተረከው፣ በልጅነቱ አባቱ ወደ አንድ የማዕድን ዋሻ ወስደውት ቆሞ ከሼክስፒር ተውኔት ንግግር በቃሉ እንዲወጣ አደረጉት። ጥቂት እንደተናገረ ራሱን አዞረውና ወደ መሬት ወደቀ፤ ከወለሉ አጠገብ ያለውን አየር ሲስብ ግን ነቃ። ሚቴን ከአየር ስለሚቀል ከላይ እንደሚጠራቀም ልጁ በዚያ ቀን ተማረ። በተቃራኒው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓድ ግርጌ ይተኛል።

አቧራና የመተንፈስ ሥርዓት

በ1904 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ኮርንዎል ማዕድን ሠራተኞች ጤና ባቀረቡት ሪፖርት፣ ዐለት ሲበሳ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሳንባን እንደሚጎዳና ሠራተኞችን ያለ ዕድሜያቸው እንደሚቀጥፍ አስረዱ። በ1905 ደግሞ ከጆን ፕሪስትሊ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ ጤናማ ሰው የሚተነፍስበትን መጠን በዋናነት የሚወስነው በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን አሳዩ። በ1908 ከባልደረቦቻቸው ጋር በፍየሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ጠላቂ ዋናተኞች ከጥልቅ ውኃ በየደረጃው እየቆሙ እንዲወጡ የሚያስችል ሠንጠረዥ አዘጋጁ፤ የብሪታንያ ባሕር ኃይልም በሥራ ላይ አዋለው።

የጦርነቱ ጋዝና ኦክስጅን

በሚያዝያ 1915 በቤልጅየም ኢፕር ከተማ አቅራቢያ የጀርመን ጦር መርዛማ ጋዝ በለቀቀ ጊዜ መንግሥት ሆልዴንን ወደ ጦር ግንባሩ ላካቸው። ተጎጂዎቹን ከመረመሩ በኋላ ጋዙ ክሎሪን መሆኑን አረጋገጡ። ክሎሪን የመተንፈሻ አካልን ያቃጥላል፤ የተጎዳው ሳንባ በፈሳሽ ይሞላና ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ ሆኖ ውኃ እንደዋጠው ሰው ይታፈናል። ሆልዴንና ባልደረቦቻቸው የመከላከያ ጭንብሎችን ለመፈተን በዝግ ክፍል ውስጥ ጋዙን ራሳቸው ሳቡት።

ከዚህ ሥራ የተገኘው ዘላቂ ትምህርት የኦክስጅን አሰጣጥ ነው። በዚያን ጊዜ ኦክስጅን ለሕመምተኛ የሚሰጠው አልፎ አልፎ፣ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከቱቦ ወደ ፊቱ አካባቢ ስለሚለቀቅም አብዛኛው ይባክን ነበር። ሆልዴን መጠኑ እየተለካ በጭንብል የሚሰጥበትን መሣሪያ ሠሩ፤ በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍም ኦክስጅን ያለማቋረጥ መሰጠት እንዳለበት አስረዱ። ኦክስጅኑ በራሱ ሳንባውን አይፈውሰውም፤ ሰውነት ራሱን እስኪጠግን ድረስ ግን ሕይወትን ያቆያል። ዛሬ የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

ያልተሳካላቸው

እኚህ ተመራማሪ በሁሉም ነገር ልክ አልነበሩም። ሳንባ ኦክስጅንን በራሱ ኃይል ወደ ደም ይገፋል የሚል አቋም ነበራቸው፤ በ1911 በአሜሪካ 4,300 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ ያደረጉትን ምርምርም ለዚሁ ማስረጃ አድርገውት ነበር። የሌሎች ተመራማሪዎች ልኬት ይህን ውድቅ አድርጎታል። የከሰል ድንጋይ አቧራ እንደ ዐለት አቧራ አይጎዳም ማለታቸውም ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህ አቧራም የሳንባ በሽታ እንደሚያመጣ ከእርሳቸው ሞት በኋላ ተረጋግጧል። የታላቅ ሰው ቃል ብቻውን የሠራተኛን ሳንባ እንደማይጠብቅ፣ ምንጊዜም ልኬትና ክትትል እንደሚያስፈልግ የሚያስተምር ነው።

የመጨረሻ ዘመን

ለአገልግሎታቸው በ1934 የብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ ከፍተኛ ሽልማት የሆነውን የኮፕሊ ሜዳልያ አግኝተዋል። በ75 ዓመት ዕድሜያቸውም ወደ ፋርስና ኢራቅ ተጉዘው በነዳጅ ማጣሪያ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን የሙቀት ጉዳት አጠኑ። ከዚያ ከተመለሱ በኋላ በመጋቢት 1936 በሳንባ ምች በኦክስፎርድ ዐረፉ።

ለተገልጋዮች

ሆልዴን ያጠኗቸው ጋዞች ከአገራችን የዕለት ኑሮ የራቁ አይደሉም። ስለዚህ የሚከተሉትን እንዲያስተውሉ በአክብሮት እናሳስባለን፦

– ከሰል ያለበትን ምድጃ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አቀጣጥለው አይተኙ። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ቢቀርም ካርቦን ሞኖክሳይድ መውጣቱን ይቀጥላል።

– ወደ ውኃ ጉድጓድ፣ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ማዕድን ዋሻ ከመግባትዎ በፊት አየሩ በመሣሪያ እንዲለካና እንዲናፈስ ይጠይቁ።

– ጉድጓድ ውስጥ የወደቀ ሰው ቢያዩ የመተንፈሻ መሣሪያ ሳይኖርዎ ተከትለው አይግቡ። በአካባቢዎ የሚገኝ የአደጋ ጊዜ አገልግሎት በአስቸኳይ ይጥሩ።

– በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት የመጠበቅ፣ የአደጋ መከላከያ መሣሪያ የማቅረብና ስለ አጠቃቀሙ የማስረዳት ግዴታ አለበት። ሠራተኛውም መሣሪያውን በአግባቡ መጠቀምና ለአደጋ የሚያጋልጥ ሁኔታ ሲያይ ማሳወቅ ይጠበቅበታል።

በሥራ ቦታዎ እነዚህ ጥንቃቄዎች ካልተሟሉ በአካባቢዎ ለሚገኘው የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ክፍል ማመልከት ይችላሉ። ማመልከቻዎ አደጋ ከመድረሱ በፊት ቢደርስ ሕይወት ያተርፋል።