ኦጉስት ኬርክሆፍስ፤ ምሥጢርን ከአሠራሩ ወደ ቁልፉ ያሻገረ መምህር

በሙያችን ዓለም ስሙ በየትምህርት ቤቱ እየተጠራ ሕይወቱ ግን እምብዛም የማይነገርለት ሰው አለ። ምሥጢር ስለሚጠብቁ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች የተማረ ሁሉ የኬርክሆፍስን ሕግ ያውቃል። ሕጉን ያወጣው ሰው ግን መሐንዲስም ወታደርም አልነበረም፤ የቋንቋ መምህር ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጆች ምንጫቸው ክፍት ስለ ሆነና የተጠቃሚውን ምሥጢር ለመጠበቅ ስለ ተሰናዱ አዳዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የእትሞችን ቁጥር ከመዘርዘር ይልቅ ለሁሉም መሠረት የሆነውን ሐሳብ ያቀረበውን ሰው ታሪክ ማስቀደም የተሻለ መስሎ ታየኝ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኦጉስት ኬርክሆፍስ በጃንዩዋሪ 19 ቀን 1835 ዛሬ በሆላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኘው በኑት መንደር ተወለደ። መንደሯ ያለችበት የሊምቡርግ አውራጃ በዚያን ጊዜ ሆላንድና ቤልጅግ የሚከራከሩበት ምድር ሲሆን፣ በ1839 በውል ለሁለት ተከፈለ። አካባቢው የተለያዩ ቋንቋዎች የሚጎራበቱበት በመሆኑ ሕፃኑ ኬርክሆፍስ በተፈጥሮው ለቋንቋ ትምህርት በተመቸ ስፍራ አደገ ለማለት ይቻላል። ከፍተኛ ትምህርቱን በቤልጅግ በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በሥነ ጽሑፍና በሳይንስ ተመረቀ። ጥቂት ዓመታት በሆላንድ ካስተማረ በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በምትገኘው በመለን ከተማ የውጭ ቋንቋዎች መምህር ሆነ። ኋላም በፓሪስ በከፍተኛ የንግድ ትምህርት ቤትና በአራጎ ትምህርት ቤት የጀርመንኛ መምህር ሆኖ ተቀጠረ።

ዘመኑ ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 ከፕሩሲያ ጋር ባደረገችው ጦርነት ተሸንፋ ሠራዊቷን ከሥር ጀምሮ የምታድስበት ዘመን ነበር። ቴሌግራፍም የምሥጢር ጽሕፈትን ጠባይ ለውጦት ነበር። ከዚያ በፊት የምሥጢር ጽሕፈት በጥቂት የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎችና አምባሳደሮች እጅ የሚገኝ ጥበብ ስለ ነበረ፣ አሠራሩን ራሱን ሸሽጎ ማኖር ይቻል ይሆናል። በቴሌግራፍ የሚታዘዝ ሠራዊት ግን በየጦር ሰፈሩ ብዙ መኮንኖችና ብዙ ጸሐፊዎች አሉት። መጽሐፉ ይማረካል፤ መሣሪያው ይሰረቃል፤ ጸሐፊው ይከዳል፤ በሽቦ የሚሄደውን መልእክትም ጠላት ሊጠልፈው ይችላል። ብዙ ሰው የሚያውቀው አሠራር ምሥጢር ሆኖ ሊቆይ አይችልም።

ኬርክሆፍስ ይህን የተገነዘበው በወታደር ዓይን ሳይሆን በመምህር ዓይን ነበር። በ1883 በጃንዩዋሪና በፌብሩዋሪ ወራት በወጡት የፈረንሳይ የጦር ሳይንስ መጽሔት ቅጾች ላይ ስለ ወታደራዊ ምሥጢር ጽሕፈት ረጅም ጽሑፍ አሳተመ። በጽሑፉም አንድ የመስክ የምሥጢር ጽሕፈት ሊያሟላቸው የሚገቡ ስድስት ግዴታዎችን ዘረዘረ። አንደኛ፣ ጽሕፈቱ በሒሳብ ፍጹም የማይፈታ ባይሆን እንኳ በተግባር የማይፈታ ይሁን። ሁለተኛ፣ አሠራሩ ምሥጢር ሆኖ መጠበቅን የማይጠይቅ፣ በጠላት እጅ ቢወድቅም ጉዳት የማያስከትል ይሁን። ሦስተኛ፣ ቁልፉ በወረቀት ሳይጻፍ በቃል ሊያዝ፣ ለሌላው ሊተላለፍና በተፈለገ ጊዜ ሊለወጥ የሚችል ይሁን። አራተኛ፣ ለቴሌግራፍ የሚስማማ ይሁን። አምስተኛ፣ ለመያዝ የማይከብድና ብዙ ሰው የማያስፈልገው ይሁን። ስድስተኛ፣ አጠቃቀሙ ቀላል ሆኖ ሐሳብን የሚያስጨንቅ ረጅም የደንብ ዝርዝር የማይጠይቅ ይሁን።

ዛሬ የኬርክሆፍስ ሕግ እየተባለ የሚጠራው ሁለተኛው ነው። ትርጉሙም አስቸጋሪ አይደለም። የጓጉንቸር አሠራር ለከተማው አንጥረኛ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ባለቤቱ በኪሱ የያዘው ቁልፍ ነው። ቁልፍ የጠፋበት ሰው ቁልፉን ይለውጣል፤ አሠራሩን ራሱን ምሥጢር ያደረገ ሰው ግን ምሥጢሩ በወጣ ቀን ቤቱን አፍርሶ እንደገና ከመሥራት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ኬርክሆፍስ አሠራር ይታተም፣ ለጠላት ይሰጥ አላለም፤ ጠላት ያውቀዋል ብላችሁ አስባችሁ ሥሩ ማለቱ ነበር። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ማስታወሱ ይገባል።

በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ ሌላም ቁም ነገር አለ። በዚያ ዘመን የምሥጢር ጽሕፈት ፈልሳፊዎች የሥራቸውን ጥንካሬ የሚያስረዱት ሊሞከሩ የሚችሉትን ቁልፎች ብዛት በመቁጠር ነበር። ኬርክሆፍስ ግን የአንድን ጽሕፈት ጥንካሬ ሊመሰክር የሚችለው ፈልሳፊው ሳይሆን ሊፈታው የሚታገለው ሰው መሆኑን አሳየ። ለዚህም ማስረጃ ይሆን ዘንድ፣ በአንድ ቁልፍ የተጻፉ ብዙ መልእክቶች አንዱ ከሌላው በታች ተሰልፈው በአምድ በአምድ ሲመረመሩ፣ እያንዳንዱ አምድ እንደ ቀላል የፊደል ልውውጥ ሊፈታ እንደሚችል አስረዳ። በመሆኑም ፈታኝ ያላየውን ጽሕፈት ጠንካራ ነው ማለት ባልተጫነበት ድልድይ መመካት ነው።

ስለ ኬርክሆፍስ የሚጽፉ ብዙዎች በዚህ ላይ ያቆማሉ። ዳሩ ግን ለእኛ ሥራ እጅግ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው በሁለተኛው የሕይወቱ ምዕራፍ ውስጥ ነው። በጀርመን አገር በባደን ግዛት ሽላየር የሚባል የካቶሊክ ቄስ ሕዝቦች ሁሉ የሚግባቡበት ቮላፑክ የተባለ ቋንቋ በ1879 ፈጥሮ በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አሳተመ። ኬርክሆፍስ ይህን ቋንቋ ተምሮ ወደደው፤ የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጀ፤ በፈረንሳይም እንዲስፋፋ ከማንም በላይ ደከመ። በ1887 በሙኒክ በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ የቋንቋው አካዳሚ ሲቋቋም ዲሬክተር ሆኖ ተመረጠ። በ1889 በፓሪስ የተሰበሰበው ሦስተኛ ጉባኤ ውይይቱን በዚያው በተፈጠረው ቋንቋ እስከ ማካሄድ ደረሰ። በዚያን ጊዜ ቮላፑክ ከ280 የሚበልጡ ማኅበራት ነበሩት ይባላል።

ይሁን እንጂ የድሉ ዓመት የመለያየት መጀመሪያ ሆነ። ኬርክሆፍስ የቋንቋውን ሰዋስው ማቅለል፣ ለተማሪውና ለነጋዴው እንዲመች ማድረግ ፈለገ። ይህም በ1883 ከጻፈው ከስድስተኛው ግዴታ ጋር አንድ ሐሳብ ነበር። ሽላየር ግን ቋንቋው የእኔ ሥራ ነውና የመጨረሻው ቃል የእኔ ይሁን ብሎ ጸና። አካዳሚው የፈጣሪውን ፍጹም ሥልጣን ሊቀበል አልቻለም፤ አባላቱም በምን መልክ ይሻሻል በሚለው ላይ ሊስማሙ አልቻሉም። አንዳንዱ የራሱን የተሻሻለ ቋንቋ ይዞ ወጣ። ኬርክሆፍስ በ1891 ኃላፊነቱን ተወ። ቮላፑክም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሰመ፤ ስፍራውን የያዘው በ1887 የወጣው ኤስፔራንቶ ሆነ። የኤስፔራንቶ ጀማሪ ዛመንሆፍ በመጀመሪያው መጽሐፉ የባለቤትነት መብቱን ለሕዝብ መተዉን ልብ ይሏል። ኬርክሆፍስ በ1903 በ68 ዓመቱ በስዊትዘርላንድ ሞተ። በሞተበት ዓመት እንደ ከንቱ ድካም የሚታየው ቮላፑክ፣ እንደ ተራ የመጽሔት ጽሑፍ የሚታየው ደግሞ ዛሬ ስሙን የሚያስጠራው ሥራው ነበር።

ከሞቱ በኋላ ሐሳቡ በየዘመኑ እየተፈተነ አለፈ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ክሎድ ሻነን በ1949 ባሳተመው ጥናት ጠላት አሠራሩን ያውቀዋል የሚለውን መነሻ አድርጎ ያዘ። የአሜሪካ የደረጃዎች መሥሪያ ቤት በ1997 አዲስ የምሥጢር ጽሕፈት ደረጃ ለማውጣት ሲነሣ ሥራውን ለዓለም ክፍት አደረገው፤ 15 ዕጩዎች ቀርበው ባለሙያዎች ሁሉ በአደባባይ ሊሰብሯቸው ከታገሉ በኋላ በ2000 የሁለት ቤልጅጎች ሥራ ተመረጠ። ይህ ኤኢኤስ የተባለው ደረጃ በ2001 ታውጆ እስከ ዛሬ ያገለግላል። በአንጻሩ አሠራሩ ተደብቆ ይኖር የነበረው የማይፌር ክላሲክ ካርድ፣ በብዙ አገር ለመጓጓዣና ለበር መክፈቻ ያገለግል የነበረው፣ በ2008 ተመራማሪዎች ቺፑን መርምረው ውስጡን ባወቁ ጊዜ ደካማነቱ ተገለጠ። ካርዱ በየኪሱ ተበትኖ ስለ ነበር መለወጡ ቀላል አልሆነም።

አሁን ወደ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞቹ እንመለስ። ዴቢያን በ1993 በኢያን መርዶክ ተጀመረ። መሥራቹ በ1996 አመራሩን ለሌላ አስረከበ፤ በ1997 የማኅበር ውል፣ በ1998 ሕገ ደንብ ጸደቀ፤ መሪውም በየዓመቱ በአባላቱ ድምፅ ይመረጣል። ሽላየርና ኬርክሆፍስ ያጡት ነገር ይህ ነበር፤ ሥራው ከፈጣሪው ተለይቶ የሚኖርበት የታወቀ ደንብ። አሥራ ሦስተኛው የዴቢያን እትም በኦገስት 2025 ወጣ። በእሱም ላይ ተመሥርቶ ቴይልስ የተባለው ሲስተም ሰባተኛ እትሙን በሴፕቴምበር 2025 አወጣ። ቴይልስ ከዩኤስቢ ተነሥቶ ይሠራል፤ ሲዘጋ በኮምፒዩተሩ ዲስክ ላይ ዱካ እንዳይተው ተደርጎ ተዘጋጅቷል፤ የኢንተርኔት ግንኙነቱን ሁሉ በቶር መረብ በኩል ያሳልፋል። ተጠቃሚው ሊያስቀምጥ የሚፈልገው ሰነድ ቢኖር በምሥጢር ጽሕፈት በተዘጋ ክፍል ይቀመጣል። የፕሮግራሙ ምንጭ ለወዳጅም ለጠላትም የተገለጠ ነው፤ ክፍሉን የሚጠብቀው ተጠቃሚው በቃሉ የያዘው ረጅም የይለፍ ሐረግ ብቻ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግዴታ በአንድ ላይ ሲሠሩ የሚታዩት እዚህ ላይ ነው።

ሆኖም ክፍት ነው ማለት የተመረመረ ነው ማለት አይደለም። በ2006 በዴቢያን ውስጥ በአንድ ፕሮግራም ላይ የተደረገ ትንሽ ማስተካከያ ሊፈጠሩ የሚችሉትን ቁልፎች በየዓይነቱ ወደ 32,767 ዝቅ አደረጋቸው። አሠራሩ ሁሉ ትክክል ሆኖ ሳለ ቁልፉ ከንቱ ሆነ። ኮዱ ለማንም ክፍት ነበር፤ ስሕተቱ ግን እስከ ሜይ 2008 ድረስ አልተገኘም። በማርች 2024 ደግሞ ኤክስዚ በተባለ የፋይል ማመቂያ ፕሮግራም ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጓሮ በር ተገኘ። ያስገባው ሰው በሐሰት ስም ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ አመኔታን ካገኘ በኋላ ነበር። ከተንኮሉም ዋናው ክፍል የተሰወረው ለሥርጭት በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ሲሆን፣ ሰው ሁሉ በሚያየው የኮድ መዝገብ ውስጥ ግን ሙሉው አልነበረም። ያገኘው መሐንዲስ ወደ ሰርቨር መግባት በግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አስገርሞት መመርመር የጀመረ ሰው ነው። የተቀበረው በር ወደ ዴቢያን የሙከራ እትሞች ደርሶ ነበር፤ ወደ ጸናው እትም ግን ሳይገባ ተያዘ።

ከሁለቱ ታሪኮች የማገኘው መደምደሚያ ይህ ነው። የኬርክሆፍስ ሕግ አሠራሩ ቢገለጥ እንዳይጎዳ አድርገን እንድንሠራ ያዘናል እንጂ ከገለጥነው በኋላ ማንም ሳያየው ጠንካራ ይሆናል ብሎ ተስፋ አይሰጥም። ሊፈታው የሚታገል ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በአሁኑ ጊዜ ዴቢያንና ቴይልስ አንድ ምንጭ በማንም እጅ ቢዘጋጅ አንድ ዓይነት ውጤት እንዲሰጥ ለማድረግ የሚደክሙት በከንቱ አይደለም፤ የሚታየው ኮድና የሚሠራው ፕሮግራም አንድ መሆናቸው ካልተረጋገጠ ክፍትነቱ ለስም ብቻ ይቀራል።

ስለ ሦስተኛውና ስለ ስድስተኛው ግዴታ አንድ የራሴን ነገር ልጨምር። ሥራ በጀመርሁበት ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ዋናውን ሰርቨር እንድፈትሽ ተላክሁ። ዲስኩ በጠንካራ ዘዴ ተቆልፎ ነበር፤ የይለፍ ቃሉ ግን በወረቀት ተጽፎ በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። በጊዜው በሠራተኞቹ ላይ ፈረድሁ። ኋላ ሳስበው ግን በየወሩ የሚለወጥና ማንም በቃሉ ሊይዘው የማይችል ሐያ ፊደል እንዲያስታውሱ ያዘዛቸው እንደ እኔ ያለ መሐንዲስ ነበር። ኬርክሆፍስ ሥርዓቱ ተጠቃሚውን አያስጨንቅ ያለው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ የሚያስጨንቅ ሥርዓት በሚያስጨንቀው ሰው እጅ እንደሚፈርስ ስላወቀ ነው።

እኛ የማኅበሩ አባላት በየመሥሪያ ቤታችን ፕሮግራም የምንመርጥ፣ የምንገዛና የምንተክል ነን። አቅራቢው አሠራራችን ምሥጢር ስለ ሆነ አስተማማኝ ነው ሲለን፣ ምሥጢሩ በወጣ ማግሥት ምን እንለውጣለን ብለን እንጠይቀው። አሠራሩ ክፍት ነውና አትሥጉ ሲለንም ማን መረመረው ብለን እንጠይቀው። ተጠቃሚው ቁልፉን በቃሉ ሊይዝ ይችላል ወይ የሚለውን ደግሞ ራሳችንን እንጠይቅ። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች አንድ የጀርመንኛ መምህር በ1883 ካስቀመጣቸው ግዴታዎች የተቀዱ ናቸው፤ ለመጠየቅ የሚጎድለንም ድፍረት እንጂ መሣሪያ አይደለም።